ቢስሚላህ የተባለበት ዓሣ

ጀይሉ ዓሣውን በግራ እጁ ጨበጠ፤ ፊቱን ወደ ቂብላ መለሰና «ቢስሚላህ» ብሎ አንገቱን ቆረጠው። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም፣ አራተኛውንም እንደዚያው አደረገ። ሽኩር በረዶ ያለበትን ጆንያ ከመኪናው አውርዶ እስኪመለስ ድረስ ሥራው ሁሉ አልቆ ነበር።

«ምን አደረግክ አንተ ሰው?» አለ ሽኩር፣ ጆንያውን እንደተሸከመ።

«አረድኩልህ እንጂ ምን አደረግኩ» አለ ዓሣ አጥማጁ ቢላዋውን በሐይቁ ውሃ እያለቀለቀ። «ዓሣ መታረድ እንደማያስፈልገው አጥቼው አይደለም። ለትልቅ እንግዳ ነው ስትለኝ ጊዜ፣ ለወንድሜ ነገሩን ላሳምርለት ብዬ ነው።»

«እንግዳው እኮ ክርስቲያን ነው።»

የጀይሉ እጅ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ተወልዶ፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር የሸበተ ሰው ነውና የነገሩን ክብደት ለማስረዳት ሌላ ቃል አላስፈለገም። የእስላም ቢላዋ ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፤ የክርስቲያን ቢላዋ ያረደውንም እስላም አይበላም። ጎረቤት ቢሆኑ፣ ሚስጥር ቢካፈሉ፣ በአንድ እድር ቢቀባበሩ ያው ነው። ታዲያ አሁን በሁለቱ መካከል ድንጋይ ላይ የተጋደሙት ቅርፊታሞቹ አራት ቆሮሶዎች ዓሣ ናቸው ወይስ ሥጋ? ይህን ከእነሱ በፊት የጠየቀ ሰው ያለ አይመስልም።

«ሌላ ስጠኝ» አለ ሽኩር።

ሌላ አልነበረም። መረቡ ያወጣውን የሻሸመኔ ነጋዴዎች ገና ጎህ ሳይቀድ ጠርገው ወስደውታል። የቀረው አምባዛ ብቻ ነበር፤ አምባዛ ደግሞ ቅርፊት ስለሌለው የእንግዳው ሚስት ጥሩብርሃን በዓይኗም ልታየው አትፈልግም። ጀይሉ ከልቡ አዘነ፤ አንገቱን መልሶ መቀጠል ቢቻል ኖሮ ይቀጥለው ነበር። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሉም ቢላዋውም ሥራቸውን ጨርሰዋል።

ሽኩር ዓሣዎቹን ከቤቱ ይዞት በመጣው የኮባ ቅጠል ጠቀለለና በረዶው መሃል ቀበራቸው። ጆንያውን በሰጋቱራ አልብሶ፣ ኤንትሬዋን አስነስቶ ወደ አዲስ አበባ አቀና። ያቺን የምታህል የጭነት መኪና አራት ዓሣ ብቻ ጭና ስትገሰግስ ያየ ሰው ምን ይል ይሆን ብሎ አሰበ። በሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር።

ኤንትሬዋ ደግሞ የሽኩር ብቻ አልነበረችም። ግማሿ የዚሁ እንግዳ፣ የሰብስቤ ነበረች። ሽኩር ኮልፌ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ሰብስቤ በልጅነቱ ከከፋ መጥቶ ኮልፌ የከተመና ከሽኩር አጥር ማዶ ቤት የሠራ። ሁለቱ ተጋግዘው ይህችን አሮጌ ፊያት ከገዙ ጀምሮ ወደ ደቡብ ጨው፣ አቡጀዲና ቆርቆሮ ያወርዱባታል፤ ከዲላ ቡና ጭነው ይመለሳሉ። አንዱ ሲነዳ ሌላው ያንቀላፋል። ሞተሯ ሲታመም ሰብስቤ ያክመዋል፤ ከኬላ ጠባቂና ከፖሊስ ጋር መለማመጥ የሽኩር ድርሻ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ሳይስማሙ የኖሩበት ነገር ቢኖር የምግብ ነገር ነበር።

ሁለቱም ጥሬ ሥጋ ወዳጆች ናቸው። ወዳጅ ሲያንስ ነው፤ ሊቃውንት ናቸው። ከደብረ ዘይት እስከ ዲላ ጥሩ ቁርጥ የት እንደሚገኝ፣ የማን ክትፎ ጣት እንደሚያስቆረጥም፣ የትኛው ቤት ሐሙስ ያረደውን ለቅዳሜ እንደሚያቆይ አንድ በአንድ ያውቃሉ። ችግሩ፣ የሚያውቁት ለየብቻ መሆኑ ነው። ከተማ ሲደርሱ መኪናዋን ያቆሙና ይለያያሉ፤ ሽኩር ወደ እስላም ሥጋ ቤት፣ ሰብስቤ ወደ ክርስቲያን ሥጋ ቤት። ከምሳ በኋላ ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ይገናኙና ክርክሩ ይጀመራል። ሽኩር፣ የሻሸመኔው ሐጂ ሽንጥ ምላስ ላይ ይሟሟል ይላል። ሰብስቤ፣ የሞጆዋን የወይዘሮ ሰርኬን ዳቢት ያልቀመሰ ስለ ሥጋ አፉን አይክፈት ይላል። ዳኛ የላቸውም፤ አንዱ የሌላውን ቀምሶ አይፈርድ ነገር። ክርክሩ ሳይቋጭ ልጆች ወለዱ፣ ልጆቻቸውንም ዳሩ።

ታናቤ የሚባለው ጃፓናዊ የመጣው በዚህ መካከል ነው። አዋሳ አካባቢ ለሚቋቋም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማሽን ሊተክል የመጣ ባለሙያ ነበር። መኪናው መንገድ ላይ ስትሰበርበት ከእነሱ ጋር ተሳፈረ፤ ከዚያ ወዲያ በሌላ መኪና መሄድ አልወድም አለ። አማርኛው ከሃምሳ ቃል አይበልጥም፤ ከሃምሳው አብዛኛው ግን የምግብ ነበር። በደረሰበት ከተማ ሁሉ «ዓሣ አለ? የዛሬ ዓሣ?» እያለ ይጠይቃል። ለሰብስቤ ዓሣ ማለት የጾም መሸንገያ ነው፤ ለሽኩር ደግሞ በሬ ያጣ ሰው ምግብ። ስለዚህ ሁለቱም አዘኑለት።

ቆይቶ ግን ሰውየው የሚፈልገውን አስረዳቸው። በአገሩ ሱሺ ቤት የሚባል አለ። አንድ ሰው ከሳንቃ ኋላ ቆሞ ጥሬ ዓሣ በስሱ ይቆርጥና በአቼቶ በታሸ ሩዝ ላይ ያስቀምጥልሃል፤ አንተም በእጅህ አንስተህ ትጎርሳለህ። ጥሬ የሚለውን ቃል ሲሰሙ የሁለቱም ጆሮ ቆመ። በማታውቀው ከተማ ጥሩውን ሱሺ ቤት በምን ትለየዋለህ ብለው ጠየቁት። ታናቤ ጣቱን አፍንጫው ላይ አደረገ። ጥሩ ቤት ዓሣ ዓሣ አይሸትም፤ በሩ ላይ ከሸተተህ እለፈው። ሾፌርና ወደብ ሠራተኛ የሚበላበትን ፈልግ። ያለውን ሁሉ የሚያቀርበውን ትተህ፣ የዛሬውን ብቻ አቅርቦ የትናንቱን አልቋል የሚልህን ያዝ። ሰብስቤ ጭኑን መታ። እነሱ ሥጋ ቤት የሚመርጡበት ሕግ ይኸው ራሱ ነበር። የዓለም ሆዳም ሁሉ በአንድ ሕግ እንደሚተዳደር በዚያ ቀን ተረዱ።

ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ በገቡ ቁጥር ሦስቱ ሱሺ ቤት ፍለጋ ይወጡ ጀመር። ፒያሳ ያሉት የጣሊያን ምግብ ቤቶች ዓሣውን በዱቄት ጠብሰው አመጡላቸው። አንድ ትልቅ ሆቴል ከጣሳ የወጣ ሰርዲን በሎሚ አስጊጦ አቀረበ። ጦር ኃይሎች አጠገብ ያለች አንዲት ባለ ምግብ ቤት፣ ጥሬ ዓሣ እንዳላት ብትጠየቅ፣ ሦስቱንም አንድ በአንድ አይታ ከየት አምልጣችሁ ነው የመጣችሁት አለቻቸው። ታናቤ ሁሉንም እያሸተተ ራሱን ይነቀንቃል። በስተመጨረሻ ሱሺ ቤቱን ራሱ ከፈተው፤ ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ በኤንትሬዋ የጭነት ሳንቃ፣ በስፖንዳዋ ላይ። ስፖንዳውን አወረደና በፈላ ውሃ አጠበው፤ ከሻንጣው ሩዝ አወጣ፤ ከጀልባ የወረደ ቆሮሶ እንዳለ ወስዶ ቆዳውንና አጥንቱን ለየ። ሽኩርና ሰብስቤ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጥሬ ነገር ከአንድ ሳንቃ ላይ በሉ፤ ጥሩ መሆኑንም ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። አራጅ የለው፣ ማን አረደው ብሎ የሚጠይቅ የለ። ሽኩር ያን ቀን ሲያስበው እስከ ዛሬ ደስ ይለዋል።

ታናቤ ሥራውን ጨርሶ አገሩ ገባ። አሁን ደግሞ የሰብስቤ ተራ ነው። ጅማ ላይ የራሱን ጋራዥ ሊከፍት ነገ ጠዋት ሚስቱንና ዕቃውን ይዞ ኮልፌን ይለቃል። ክፉ መለያየት አይደለም፤ የነበራቸውን ተመራርቀው ነው የተካፈሉት። ሽኩርን ያስጨነቀው የስንብቱ ማዕድ ነበር። ወጉ የታወቀ ነው። በግ ይገዛል፤ በጉ በነፍሱ ለእንግዳው ይሰጣል፤ ክርስቲያን ጎረቤት ያርደዋል፤ በክርስቲያን ድስት ይሠራል፤ ከዚያ እንግዳ ለብቻው፣ ባለቤት ለብቻው ይበላል። ይህም ትልቅ ክብር ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ሽኩር ግን ወዳጁን በገዛ ቤቱ፣ ከአንድ ትሪ፣ አንዲት ጊዜ አብሮ በልቶ ሊሸኘው ፈለገ። ሽሮና ምስር አቅርቦ እንዳይገላገል፣ ለእንዲህ ያለው ቀን እጁ አልታዘዝ አለው። ለዚህ ነው ለሰብስቤ «መቂ ትንሽ ጉዳይ አለችኝ» ብሎ ሰው ሳይነሳ የወጣው። ጉዳዩ እንግዲህ ይኸው ኋላው ተኝቷል፤ ቢስሚላህ ተብሎበት።

ሞጆ ሲደርስ በረዶውን ማየት ነበረበትና ወይዘሮ ሰርኬ ቤት ፊት ለፊት አቆመ። በረዶው ደህና ነው። ከደህናው በረዶ ይልቅ የከነከነውን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። ወይዘሮ ሰርኬን የሚያውቃቸው ከስንት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ በዚያ ቤት ግን ከሻይ በቀር በአፉ የዞረ ነገር የለም።

«ዛሬ ብቻህን ነህ? ባልንጀራህስ?» አሉት ሻዩን እያስቀመጡ።

«ዕቃ እየጠቀለለ ነው። እትዬ ሰርኬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እስላም ቢስሚላህ ብሎ የቆረጠውን ዓሣ ይበላሉ?»

ወይዘሮ ሰርኬ እንዲህ ያለ ነገር በማለዳ ተጠይቀው አያውቁም። ወገባቸውን ይዘው አሰቡ።

«ዓሣ ምን ደም አለውና ይታረዳል?»

«እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።»

«እንግዲያው ምን ችግር አለው» አሉ። ሽኩር እፎይ ብሎ ሻዩን አነሳ። እሳቸው ግን አልጨረሱም ነበር። «ቆይ፣ ሰውየው እንደ በግ አርዶታል ነው የምትለኝ?»

«አንገቱን ቆርጦታል። ወደ ቂብላ ዞሮ።»

«ተወኝ፤ እኔ አልበላውም።»

«አሁን ችግር የለውም አሉኝ እኮ።»

«አሁንማ ነገርከኝ። ባትነግረኝ እበላው ነበር፤ ኃጢአቱ በአንተ ይሆናል እንጂ እኔ ምን አግብቶኝ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማህም ልጄ?»

ሽኩር ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። ከሞጆ ደብረ ዘይት፣ ከደብረ ዘይት ቃሊቲ፣ መሪው እጁ ላይ ነው እንጂ ልቡ ወይዘሮ ሰርኬ ቤት ቀርቷል። ዝም ቢል ማንም አያውቅም። ጀይሉ ዝዋይ ነው፤ ሰብስቤ ነገ ጅማ ነው። ወዳጁ ደስ ብሎት በልቶ፣ ተመርቆ ይሄዳል። ቢናገር ግን ትሪው እንደቀረበ ይነሳል፤ የስንብቱ ቀንም በዚያው ይበላሻል። እንዲህ ሲያስበው ዝም ማለት ይሻላል ይላል። ትንሽ ነድቶ ደግሞ፣ ዝም ብሎ ካበላው ያን ማዕድ አብረው በሉት ይባላል ወይ ብሎ ራሱን ይጠይቃል። አንዱ የሚበላውን እያወቀ፣ ሌላው ሳያውቅ።

ኮልፌ ሲገባ ፀሐይዋ ከአናት አለፍ ብላ ነበር። ከጦር ኃይሎች ወዲህ መንገዱን አጠና የጫኑ አህዮች ሞልተውት፣ ጥሩምባ እየነፋ፣ ባለ አህዮቹም እየሰደቡት፣ እንደ ምንም ደጁ ደረሰ። ሚስቱ ራህማ ሩዙን ቀቅላ፣ በአቼቶና በትንሽ ስኳር አሽታ፣ በሰፊ ሳህን ላይ እያራገበች አቀዝቅዛዋለች። የታናቤን ትምህርት ባሏ ደጋግሞ ስለነገራት አሠራሩን ታውቀዋለች። እምነቱ ግን የላትም።

«እኔ ጥሬ ዓሣ አልበላም፤ ኋላ እንዳትለማመጠኝ» አለችው ዓሣውን እየተቀበለችው። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። «አይሸትም ግን።»

ሽኩር የጀይሉን ነገር ነገራት። ራህማ ሳቋን ለማፈን ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ከዚያ የባሏን ፊት አየችና ሳቁ ጠፋት።

«ያየህ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ዝም በል። በእኛም ሃይማኖት ቢሆን ዓሣ አይታረድም። ያልታረደ ነገር እንዴት የእስላም ሥጋ ይሆናል?»

«ለእኛ አልታረደም። ለእነሱ ግን ጀይሉ አርዶታል።»

ራህማ ሆድ ካገር ይሰፋል ብላው ወደ ሩዟ ተመለሰች።

ሽኩር እጁን ታጥቦ፣ ቢላዋውን ስሎ፣ ዓሣውን ይገፍ ጀመር። ታናቤ እንዳሳየው ቢላዋውን ሰያፍ ይዞ፣ ሳይጫን፣ ወደ ራሱ እየሳበ። እጁ ሥራውን ሲለምድ አእምሮው ያለፈውን ያመጣበታል። ሰብስቤ በየፋሲካው ለዚህ ቤት በግ በነፍሱ ያመጣል፤ ሽኩር ራሱ እንዲያርደው ነው። አንድ ዓመት በጉን ከገበያ ሲያመጣ ሴቼንቶ ታክሲ ገጨበት። በጉ ሊሞት ነው፤ ቢላዋ በጎኑ አለ። አርዶት፣ ቆዳውን ገፎ፣ ሥጋውን አምጥቶ የእናንተ ሰው ነው ያረደው ቢል ሽኩር ያለ ጥርጥር ያምነው ነበር። ሰብስቤ ግን ያን ሰንጋ የሚያህል በግ ትከሻው ላይ ጭኖ፣ ቁልቁለቱን እየሮጠ፣ ነፍሱ ሳትወጣ ላድርስልህ ብሎ መጣ። በጉ ደጃፍ ላይ ሲደርሱ ሞተ። የሰብስቤ ኮት ደም በደም ሆኖ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰ፣ «ይቅርታ ሽኩሬ፣ ቀደመኝ» ያለው አሁን የሰማው ያህል ሆነበት። ሽኩር ቢላዋውን አስቀመጠ። የሚያደርገውን አወቀ፤ ማወቁ ግን ደስ አላሰኘውም።

እንግዶቹ ሲመጡ ትሪው ተዘጋጅቶ ነበር። በኮባው ቅጠል ላይ፣ ጣት በሚያካክሉ የሩዝ ድብልብሎች ላይ፣ ቀላ ያለ ጅማት ያለበት ነጭ ዓሣ ተደርድሯል፤ ዳር ላይ ሎሚና ትንሽ ሚጥሚጣ አለ። ሰብስቤ በሩ ላይ እንዳለ ትሪውን አየና ቆመ።

«መቂ ያለችህ ጉዳይ ይህች ነበረች?» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ «ይኸው፣ ስንት ቀን የለፈለፍኩልሽ። የታናቤ ሱሺ ቤት ኮልፌ መጣልሽ።»

ድምፁ ውስጥ የነበረው ደስታ ሽኩርን አንጀቱን በላው። ጥሩብርሃን ጫማዋን አውልቃ ገባችና ራህማን ሳመቻት። አንዱን ትሪ አየች፤ ሌላ ትሪ ካለ ብላ ወደ ጓዳው አየች።

«አብረን ነው የምንበላው?» አለች።

«ዓሣ ስለሆነ» አለች ራህማ፣ ባሏን እያየች።

ጥሩብርሃን ፊቷ በራ። በስንቱ ሠርግና ተስካር፣ በስንቱ አረፋና ፋሲካ፣ ሁለቱ ሴቶች ሽንኩርት አብረው ልጠው፣ ድስት አብረው ጥደው፣ መብያው ሲደርስ ጀርባ ለጀርባ ሲቀመጡ ነው የኖሩት። እጇን አስታጠቧት፤ ሰብስቤም ታጠበ። ገና ሳይደርቅ እጁን ወደ ትሪው ሰደደ።

«ቆይ» አለ ሽኩር።

ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራቸው። ጀይሉ ክፉ አስቦ እንዳላደረገው፣ ሌላ ዓሣ እንዳልነበረ፣ አምባዛውን ለምን እንደተወው፣ አንዱንም አላስቀረም። የሰብስቤ እጅ ከትሪው በላይ ትንሽ ቆየና ወደ ጉልበቱ ተመለሰ። ጥሩብርሃን ነጠላዋን አጣፋች። ከውጭ የአጠና ጠራቢዎች መጥረቢያ ይሰማል።

«ሲቆርጠው ነፍስ ነበረው?» አለ ሰብስቤ በመጨረሻ።

«አልነበረውም። መረብ ውስጥ ሞቶ ነው ያደረው።»

«እንግዲያው ጀይሉ የጸለየው ለሬሳ ነው።»

«ቢሆንም ብሎበታል። እኔ ይህ ነው ብዬ ልፈርድልህ አልችልም። ካልሆነላችሁም ሽሮ አለ፤ ራህማ ሠርታለች።»

ራህማ ሽሮ አልሠራችም ነበር። ግን ቃሉ ሳያልቅ ተነስታ ወደ ጓዳው በር ደርሳ ነበር።

ሰብስቤ ወዳጁን አተኩሮ አየው። «ዝም ብትል ኖሮ በልቼው እሄድ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እስከ ጅማ እያወራሁት።»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ።»

«በየማለዳው ኤንትሬዋን ስታስነሳ ምን ትል ነበር?»

«ቢስሚላህ።»

«እኔስ ስነዳ?»

«በስመ አብ።»

«አንተ ቢስሚላህ ባልክባት ቀን፣ እኔ ወርጄ በእግሬ ሄጄ አውቃለሁ?»

መልስ አልጠበቀም። ቀኝ እጁን አነሳና፣ ለራሱ በሚሰማ ድምፅ ሳይሆን ቤቱ ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ፣ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን ብሎ ትሪውን ከዳር እስከ ዳር አማተበበት። አንዱን ብድግ አደረገ፤ ሎሚ አስነክቶ ጎረሰው። ዓይኑን ጨፍኖ ነው ያላመጠው። ሲከፍተው እንባ ይሁን ሎሚ ይሁን ዓይኑ ረጥቧል።

ከዚያ ሁሉም ሽኩርን አዩት።

ሽኩር ይህን አላሰበበትም ነበር። ከማለዳ ጀምሮ የሰብስቤን ሃይማኖት ሲጠብቅ የራሱን ረስቶታል። አሁን ከፊቱ ያለው፣ ክርስቲያን በስመ አብ ብሎ ያማተበበት ማዕድ ነው። አባቱ በሕይወት ቢኖሩ ይህን ትሪ ዞር ብለው አያዩትም ነበር። እጁ ጉልበቱ ላይ ቀረ፤ የያዘው ያው ወይዘሮ ሰርኬን አልበላውም ያሰኛቸው፣ ጥሩብርሃንን ነጠላዋን ያሳጣፋት ነገር መሆኑን አወቀው። ሰብስቤም ከአፍታ በፊት የዋጠው ይህንኑ ነው፤ ዓሣው ቀሎት አይደለም። ሰብስቤ ግን አላጣደፈውም፤ በልና ብላ አላለውም። ሩዝ የተጣበቀበትን አውራ ጣቱን ይልስ ነበር።

ሽኩር እጅጌውን ሰበሰበ። ከአንጀቱ፣ በቀስታ፣ ቢስሚላህ አለና ከመሃሉ አንሥቶ ጎረሰ። ዓሣው ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነው፤ ሩዙ አቼቶው በልኩ ገብቶበታል። ደስ አለው። ከልቡ፣ እንደ ልጅ ደስ አለው።

«ታናቤ ይህን ቢያይ ምን ይላል?» አለው ሰብስቤን።

«ሩዙን በጣም ጨብጠኸዋል ይላል።»

ተሳሳቁ፤ ደግመውም ጎረሱ። ጥሩብርሃን ግን አልነካችም። ማንም አላያትም፤ ወይም ሁሉም እንዳላያት ለመምሰል ይጥር ነበር። ቆየት ብላ አንዷን ወደ ራሷ ሳበች። ዓሣውን በጣቷ ጫፍ ከላዩ ገፍታ አወረደችና ሩዙን ብቻ በላች። ሽኩር ይህም ይበቃል አለ በልቡ፤ ከአንድ ትሪ ነው፣ ሩዝም ቢሆን። የእምነቷን ነገር እሷ ታውቃለች።

ወንዶቹ ወደ ሥጋ ቤቶቻቸው ክርክር ሲመለሱ፣ ጥሩብርሃን ብቻውን የቀረውን ዓሣ ስታየው ቆየች። አንዴ ገለበጠችው። አሸተተችው። በለሆሳስ የሆነ ነገር አለች፤ ጸሎት ይሁን ወቀሳ አልተሰማም። ከዚያ ለሁለት ቆረሰችውና ግማሹን አፏ ውስጥ አደረገች።

ክርክሩ ቆመ።

«ሚጥሚጣ አንሶታል» አለች ጥሩብርሃን።

ራህማ ሽሮ እሠራለሁ ብላ ከቆመችበት ከጓዳው በር ተመለሰች። ጥሩብርሃን አጠገብ፣ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጠች፤ ማንንም ሳታይ ሌላውን ግማሽ አንስታ በላችው። በዝግታ አላመጠች፤ ዋጠች።

«እውነቷን ነው» አለች፣ ሚጥሚጣውንም ለማምጣት ተነሳች።